ሲሄዱ ረጅም፣ ሲመለሱ አጭር

«ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?» ቪዛ የተሰጣቸውን እናት ወይም አባት ሊያመጣ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የሚጠይቀውም በስጋት ነው፤ እናት ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እንግሊዝኛ አይችሉም። እዚህ ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች መንገዱን ስለተመላለስንበት ብቻ እንደ ባለሙያ እንቆጠራለን፤ መልሳችን ግን ጠያቂውን የባሰ ያደናግረዋል። አንዱ «አሥራ ሦስት ሰዓት» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው «ኧረ አሥራ ሰባት ይሆናል!» ይለዋል። ቡናው እስኪያልቅ ይከራከራሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንዱ የሚያወራው ስለ መመለሻው፣ ሌላው ስለ መሄጃው ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችን ስም ተቀብለው ርቀቱን የሚያሰሉ ገጾች ሞልተዋል። ቦሌንና የዋሽንግተኑን ደለስን ብትሰጧቸው 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሏችኋል። ከሥሩ ደግሞ የበረራውን ጊዜ ይጽፋሉ፤ አሥራ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዱ ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ አድርጎ። በስሌቱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ርቀቱን አንድ ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት ለሚጓዘው 900 ኪሎ ሜትር አካፍለው፣ ለመነሣትና ለማረፍ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩበታል፤ አለቀ። ያሰሉት ግን ነፋስ ለማይነፍስበት፣ አገር ሁሉ ሰላም ለሆነበት፣ ሁለቱም ከተሞች ባሕር ዳርቻ ላይ ለተቆረቆሩበት ዓለም ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ በከፍታም በርቀትም ምን ያህል እንደራቀች እናውቃለን።

መጀመሪያ ርቀቱን እንየው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብናሰምር፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን አቋርጦ በሰሃራ ምዕራባዊ ጠረፍ በኩል አትላንቲክ ይገባል። አውሮፕላን ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ካርታ የሚከታተል መንገደኛ «ይኼ ሰውዬ ለምንድን ነው አውሮፓን የሚዞረው?» የሚለውም ለዚህ ነው። ሰውዬው አልዞረም። ልጆች የሚማሩበትን ሉል አምጥታችሁ አንድ ክር ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ብትወጥሩበት፣ ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ መርጦ ይተኛል። ከቦሌ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዞራል፤ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ላይ ያልፋል፤ የአልጄሪያን ጠረፍ ለቆ ስፔንንና ፖርቱጋልን ያቋርጣል። አትላንቲክ መካከል ላይ እስከ 45ኛው የሰሜን ኬክሮስ ድረስ ይወጣና፣ ከዚያ ቁልቁል ተመልሶ በማሳቹሴትስ ጠረፍና በኒው ጀርሲ በኩል ቨርጂኒያ ይገባል። ቦሌ በዘጠነኛው፣ ደለስ በ39ኛው ኬክሮስ ላይ ናቸው፤ አጭሩ መንገድ ከሁለቱም በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ የሚመለስ ነው ማለት ነው። ምድርን ከሚዞረው 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሩብ የሚበልጠውን የሚሸፍን ጉዞ በመሆኑ የምድር ክብነት በደንብ ይታይበታል።

ክሩ የማያውቀው ነገር ግን አለ። በሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ለሚወጣ አውሮፕላን ሱዳን ደጃፍ ናት። ደጃፉ ሲዘጋ በጎን መውጣት የግድ ነው፤ በጎን መውጣት ደግሞ ደቂቃም ነዳጅም ይበላል። ርቀት አስሊው ገጽ ይህን አያውቅም፤ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ይጽፍ የነበረውን ቁጥር ዛሬም ይጽፋል።

ይህ ሁሉ ግን ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ ሰባት ክርክር መልስ አይሆንም። የክርክሩ ሥር ያለው ቦሌ ራሱ ላይ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ይህንን የሚያውቀው ቆላ ወርዶ ሲመለስ እንጦጦን ለመውጣት ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። አውሮፕላንም እንደዚሁ ያጥረዋል። ሞተሩ የሚሠራው አየር እየሳበ ስለሆነ፣ የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም የሚያነሣው በላዩና በሥሩ የሚያልፈው አየር ነው፤ ያ አየር ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መፍጠን አለበት። የበለጠ ለመፍጠን የበለጠ መንደርደር ያስፈልጋል። መንደርደሪያው ደግሞ ማለቂያ አለው፣ ጎማውም ሊሽከረከር የሚችልበት የመጨረሻ ፍጥነት አለው። በዚያ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል በከፋችው ቅጽበት አንድ ሞተሩ ቢጠፋበት እንኳ በቀረው ሞተር ከፊቱ ካለው መሬት በላይ በሰላም መውጣት መቻሉ አስቀድሞ በስሌት መረጋገጥ አለበት። እንጦጦና የረር በከበቧት ከተማ ይህ ቀላል ስሌት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ድሪምላይነር እያልን የምንጠራውን ቦይንግ 787 እንውሰድ። የመጀመሪያው ዓይነት (787-8) ሲነሣ እንዲመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛው ክብደት 228 ቶን ያህል ነው። ነዳጅ መያዣዎቹ 126 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ ይህም ብቻውን መቶ ቶን ይሆናል። የአውሮፕላኑን ባዶ ክብደት፣ ሰውን፣ ሻንጣንና ጭነትን ስትጨምሩበት 228ቱ ቶሎ ይሞላል። ያም ቢሆን 228ቱ የባሕር ዳርቻ ክብደት ነው። ቦሌ ላይ ያን ሁሉ ተሸክሞ መነሣት ስለማይቻል የሆነ ነገር መውረድ አለበት። ምን ይውረድ? ሰው ቢወርድ ገቢ ይወርዳል። ሻንጣ ቢወርድ፣ በርበሬና ሽሮው የቀረበትን ሐበሻ ማን ሊያጽናና ነው? ስለዚህ የሚወርደው ነዳጅ ነው። ለግማሽ መንገድ የሚበቃውን ይዞ ይነሣል፤ የቀረውን ዝቅ ካለ አገር ይቀዳል።

ጉዞው በሌሊት የሆነውም በከፊል ለዚሁ ሊረዳ ነው። የቀን ሙቀት ቀድሞውንም የሳሳውን አየር ይብስ ያሳሳዋል፤ የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ግን ለአውሮፕላን መድኃኒት ነው። እርግጥ ነው ከአፍሪካ ከተሞች ሁሉ የሚመጡ መንገደኞች አመሻሽ ላይ ቦሌ ተሰብስበው በየአቅጣጫቸው የሚበተኑት በንግዱ ምክንያት ጭምር ነው። ጥሩ ገጠመኝ ልንለው እንችላለን።

አንዳንድ ሰው «የእኛ አውሮፕላን አርጅቶ እኮ ነው መንገድ ላይ የሚቆመው» ሲል ስሰማ እናደዳለሁ። ያው አውሮፕላን በማግስቱ ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። አርጅቶ ቢሆን መመለሻውን ማን ሰጠው? በዚህ ነገር እኛ ብቻ አይደለንም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ላይ ያለችው ሜክሲኮ ሲቲም ያው ችግር አለባት፤ የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ሜክሲኮ ሲቲ በቀጥታ ይበርና፣ ሲመለስ ግን ነዳጁን ሞልቶ ለመነሣት ባሕር ዳር ወዳለችው ካንኩን ይወርዳል። እዚያም ችግሩ ያለው ከከፍታው ሲነሡ እንጂ ሲያርፉ አይደለም።

ከአዲስ አበባ የሚወጣው የዋሽንግተን በረራ ባለፉት ዓመታት በሮም፣ በደብሊንና በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ተመላልሷል። የትኛው ቢዞርበት ነው ጥሩ? ቁጭ ብዬ በሉሉ ሒሳብ አሰላሁት። በሮም በኩል ሲሆን ከቀጥታው መስመር የሚጨመረው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደብሊን በኩል ሲሆን 270 ገደማ ይጨመራል። ደብሊን ካርታ ላይ ሲታይ እጅግ ወደ ሰሜን የተገፋ ይመስላል እንጂ፣ ለአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ጉዞ ይህ ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ ነገር ነው። ከባዱ ሎሜ ነው፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ቢሆንም ሎሜ የሚመረጥበት የራሱ ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለው አስካይ የሚባለው አየር መንገድ መናኸሪያው እዚያ ስለሆነ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የተሰበሰቡ መንገደኞች እዚያ ይሳፈራሉ። ለነዳጅ ብሎ የወረደ አውሮፕላን ባዶ ወንበሩን ሞልቶ ቢነሣ ማን ይጠላል?

መንገደኛን የሚያደክመው ግን የተጨመረው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ራሱ መቆሙ ነው። ከ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቀስ እያሉ መውረድ፣ ማረፍ፣ ቆሞ መቅዳት፣ እንደገና ተንደርድሮ መውጣት፣ ሁሉም ሰዓት ይበላል። ደብሊን ላይ የነበረችው ሰዓት እስከ ዛሬ አትረሳኝም። ገና አልነጋም፣ በመስኮቱ የሚታየው ዝናብና የቦቴው ቢጫ መብራት ነው። ጋቢ የለበሱ አንዲት እናት ጎማው መሬት እንደነካ እልል አሉና ተነሥተው፣ በላይኛው ሳጥን ያለ ቦርሳቸውን መጎተት ጀመሩ። አስተናጋጇ ሮጣ መጣች።

«እማማ፣ ገና ነን። ነዳጅ ልንቀዳ ነው። ይቀመጡ፣ እኔ አወርድልዎታለሁ።»

«መሬት አልነካንም እንዴ ልጄ?»

«ነክተናል፤ አሜሪካ ግን አይደለም።»

«ታዲያ የማን አገር ነው?»

አስተናጋጇ «አየርላንድ» አለቻቸው። እናት ለአፍታ አሰቡና «የማናውቀው አገር ላይ ቀበቶ ፍቱ ያሉን ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ሲያርፉም ሲነሡም ቀበቶ እሰሩ እየተባለ፣ እዚያ ላይ ግን ፍቱ ይባላል። ነዳጅ እየተቀዳ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ከቆየ፣ ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር በፍጥነት እንዲወጣ ቀበቶው ያልታሰረ መሆን አለበት፤ መተላለፊያውም ክፍት ይሆናል። አስተናጋጇ ይህን ሁሉ ብታስረዳቸው እንደሚያስደነግጣቸው ገብቷት መሰለኝ፣ «እንዲመችዎት ነው እማማ» ብላ አለፈች። ብልህ ልጅ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ውቅያኖስ ነው፤ ውቅያኖሱ ላይ ደግሞ ነፋሱ። በአሥርና በአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ የነፋስ ወንዝ አለ፤ በፈረንጆቹ ክረምት ሲበረታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥንባቸው ቀኖች አሉ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ይህን በግንባሩ ይቀበላል፤ የሚመለሰው በጀርባው ይገፋበታል። አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖች መንገድ በየቀኑ እንደ አዲስ የሚሰመረውም ለዚህ ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ በኩል ሻንዊክ፣ በካናዳ በኩል ደግሞ ጋንደር የሚባሉት የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከላት የነፋሱን ትንበያ አይተው መስመሮቹን ያወጣሉ። ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ከነፋሱ እንዲሸሹ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት እንዲሳፈሩበት ነው። ከደብሊን ዋሽንግተን ስምንት ሰዓት ያህል የሚፈጀው፣ ከዋሽንግተን ደብሊን ግን ከሰባት ሰዓት በታች የሚሆነው ርቀቱ ተቀይሮ አይደለም።

አሁን ሒሳቡ ይገጥማል። ሲሄዱ ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ሰባት ሰዓት፣ ሲመለሱ አሥራ ሦስት ገደማ። ከልዩነቱ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃውን ነፋሱ ይወስዳል፤ የቀረውን ቦሌ።

ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ረጃጅሞቹ መንደርደሪያዎቹ 3,500 ሜትር ያህል ናቸው፤ የቦሌው ረጅም መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው። ያጠረው መንደርደሪያ የከበደውን አውሮፕላን ያነሣል፤ አየሩ ወፍራም ነውና። ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች በዕድሜ እኩያ መሆናቸው ደግሞ ደስ ይለኛል። ደለስ በኅዳር 1962 (እ.ኤ.አ.) ኬኔዲ በተገኙበት ተመረቀ፤ ከመጀመሪያውም ለጄት አውሮፕላኖች ታስቦ የተሠራ ነው። ቦሌም የተሠራው ለጄት ነው። የልደታው ማረፊያ የታዘዙትን ቦይንግ 720ዎች ሊያስተናግድ ስለማይችል ከተማዋ ምሥራቁን ጠርዟን ሰጠች፤ ጄቶቹም በዚያው በ1962 መጨረሻ ገቡ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሰዎች ጉዞ ሳስበው የእኛ ማጉረምረም ያሳፍራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሚያዝያ 1946 (እ.ኤ.አ.) በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር፤ አውሮፕላኑም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሲ-47 ነው። አሜሪካ በራሱ አውሮፕላን መብረር የጀመረው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት አሜሪካ የሚሄድ ሰው አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ይቀይር፣ አንዳንዴም ያድር ነበር።

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በሚባለው ቦታ ላይ ስለታቀደው ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወራ፣ ሰው የሚያነሣው ስፋቱንና ገንዘቡን ነው። እኔን የሚያጓጓኝ ከፍታው ነው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ስለሆነ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ለእግረኛ ምንም አይደለም፤ ለአውሮፕላን ግን 400 ሜትር በቶን የሚቆጠር ነዳጅ ወይም ጭነት ነው። ይህ ብቻውን የዋሽንግተኑን መቆሚያ ያስቀረዋል ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ ነፋሱ ቢሾፍቱም ቢሄዱ ያው ነፋስ ነው። አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ነዳጅ ቆጣቢዎች እየሆኑ መምጣታቸው ሲጨመርበት ግን ተስፋ አለው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አየሩ ነው። ሰው ግን የሚኖረው ከአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከወሎ ተነሥታ ለሥራ ጅዳ የምትሄድ ልጅ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትውላለች። ባሕር ተሻግሮ ሌላ አገር መግባት ከጣርማ በር ጠመዝማዛ ያጥራል። የእኛም የዋሽንግተኑ ጉዞ የሚጀምረው ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬው በሦስት ፌስታል ይታሰራል፣ ቆሎው በየጥጋጥጉ ይወተፋል። ቋንጣው ላይ ጠብ ይነሣል፤ አሜሪካ ሥጋ አታስገባም፣ ጉምሩኩ ላይ ይወሰዳል ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ «ደርቋል እኮ!» ይሏችኋል። የመደርደሪያው፣ የመሰናበቻው፣ የቦሌው ሰልፍ፣ ከዚያ ማዶ የፓስፖርት ቁጥጥሩና የቀለበት መንገዱ መጨናነቅ ሲደመር፣ ከቤት እስከ ቤት ያለው ጉዞ አንድ ሙሉ ቀን ገብቶበት ያልፋል።

የመጨረሻው ጣጣ ሰዓቱ ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ሲሄዱ ያለው ስህተት አይጎዳም፤ ትኬቱ ላይ የምሽት 10፡30 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ከቀኑ የመጣ መንገደኛ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ቁጭ ይላል እንጂ አያመልጠውም። ክፉው ሲመለሱ ነው። ማለዳ 7፡30 ቦሌ የሚገባን ሰው ሊቀበሉ የተባሉ ዘመዶች፣ «ሰባት ሰዓት ተኩል» ብለው ምሳቸውን በልተው ሲመጡ፣ እንግዳው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ መልእክት ስልክ ሁለቱንም እጽፋለሁ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 7፡30፤ ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስከትላለሁ።

በዚህ የሰዓት ነገር ውስጥ ግን አንድ የምወደው ግጥምጥሞሽ አለ። በበጋቸው በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ ከሰባቱ ስድስቱ ይጣፋና የሁለቱ ከተሞች የግድግዳ ሰዓቶች የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ስትል፣ እዚህ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ነው። ቤታችን ሳሎን የተሰቀለውን የእሷን ሰዓት እያሰብኩ አንድ መቀነስ ይበቃኛል፤ ሰማዩ ላይ ያለው ፀሐይና ጨረቃ ግን የተለያየ ነው። እሷም ይህንን ስላወቀች ራት አቅርባ፣ ዜናው እንደጀመረ በሁለት ሰዓት ትደውላለች፤ እኔ ምሳ እረፍት ላይ ነኝ። በፈረንጆቹ ኅዳር መግቢያ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ ስምንት ይሆናል፣ አንዱ ሁለት ይሆናል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትነካ እናቴ ይህንን ለውጥ አልተቀበለችውም። እስከ መጋቢት ድረስ በዚያው በሁለት ሰዓት ትደውላለች፤ እኔ ደግሞ እስከ መጋቢት ድረስ ከምሳ በፊት ካለው ስብሰባ ይቅርታ እየጠየቅሁ እወጣለሁ።